ጥግ ጥጉን የሚያየው ወንድሜ

በቀደም ከሥራ ስመለስ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ ማራኪ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ወጣት የሠራው ቪዲዮ መጣልኝ። «በሰላዩ ፊልም ውስጥ ልብ ያላላችኋቸው የተደበቁ ነገሮች» ይላል። ልብ ያላላችኋቸው! ኧረ ባክህ፣ አልኩት በሆዴ። እኛ እዚሁ ማራኪ፣ አያ ደሴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን አንድ በአንድ ለቅመን የጨረስነውን፣ አንተ ዛሬ እንደ አዲስ ልትነግረኝ? እኛ ማለቴ ራሴን ለመጨመር ነው እንጂ የሚለቅመው ታላቅ ወንድሜ አስማረ ነበር። እኔማ ከእሱ ጋር የምሄድ ነበርኩ።

ልጅ እያለን አባታችን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ንብረት ክፍል ይሠራ ስለነበር የምንኖረው ማራኪ ተከራይተን ነው። የአያ ደሴ ቪዲዮ ቤት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጥር ፊት ለፊት ያለች ጭቃ ቤት ነበረች። መስኮቷ በጆንያ ተጋርዷል፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። ክረምት ላይ እርጥብ ጋቢ፣ ላብና የተቆላ ሽምብራ አንድ ላይ ይሸትታል። ያ ሽታ ዛሬ በሆነ ቦታ ቢመጣብኝ እዚያው ቆሜ አለቅስ ነበር። እማዬ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ምን ትሠራለች ብላ ብዙ ተጨቃጭቃለች፤ አባዬ ግን ከወንድሟ ጋር እስከሆነ ድረስ ትሂድ ብሎ ፈቀደልኝ።

የሰላዩ ፊልም ተከታታይ ነው። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለ ይሄዳል፤ አክተሩ በየቁጥሩ አገር ይቀያይራል፣ ከፎቅ ይዘላል፣ ልብሱ አይቆሽሽም። እንግሊዝኛው አይገባንም፤ ማን ከማን ወገን እንደሆነ የምናውቀው በፊታቸው ነው። ሰው ሁሉ አክተሩ ላይ አፍጦ ሲያፏጭና ሲጮህ፣ አስማረ አንገቱን እንደ ዶሮ ትንሽ ትንሽ እያዞረ የቴሌቪዥኑን ዳር ዳር ይቃኛል። ከዚያ ድንገት ይነሳና አያ ደሴን መልስልኝ ይለዋል። አያ ደሴ መጀመሪያ ላይ ይቆጣ ነበር። ኋላ ግን እሱም ሱሱ ያዘውና ካሴቱን ራሱ ወደ ኋላ እየመለሰ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ይደቅናል።

እውነትም አለ። ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ የያዘ አንድ መላጣ ሰውዬ በየቁጥሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ አንዱ ላይ አስተናጋጅ ነው፣ ሌላው ላይ ባቡር ጠባቂ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል። የግድግዳ ሰዓቶቹ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ላይ ቆመዋል። ቁጥር አንድ ላይ ከአክተሩ ኮት ተበጥሳ የወደቀችው ቁልፍ ቁጥር ሦስት ላይ የአንዲት ልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥላለች። አንዴ ደግሞ አክተሩ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል በጥቁር ጫማ ተነስቶ በቡኒ ጫማ አረፈ። ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረው አያ ደሴ ለወንድሜ ስም አወጣለት፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሊቅ እንደሚሉት «ዓይናማው» አለው። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ዓይናማው ነበር የሚለው። እኔ ደግሞ የዓይናማው እህት ተብዬ ስጠራ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

እንግዲህ ይኸው ዓይናማ ቤት ሲገባ እማዬ ያሰጣችው በርበሬ ላይ ይራመድበታል። እማዬ «ምነው ልጄ፣ እግርህ ሥር ያለውን አታይም?» ስትለው ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይላል፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ኳስ ሜዳ ላይ ከጎኑ የምትመጣውን ኳስ ሳያያት ታልፈዋለች፤ ቀልበ ቢስ ብለው በረኛ አደረጉት፣ በረኛነቱንም ነጠቁት። ፊልሙ አልቆ አመሻሽ ላይ ስንወጣ ደግሞ ትከሻዬን ይይዛል። ሰላይ በጨለማ ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ ጠባቂዬ አንቺ ነሽ ይለኛል። እኔም ጨዋታ መስሎኝ ግራ ቀኙን እየገላመጥኩ ቤት አደርሰዋለሁ።

ነገሩን መጀመሪያ ልብ ያለው የእማዬ ታላቅ ወንድም አያ መልኬ ነው። ለበዓል ከአገሩ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን በግ ይዞልን መጥቶ ሳለ፣ ማታ ላይ አስማረ አጠገቡ ያስቀመጠውን የውኃ ጣሳ በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ አየው። ይሄ ልጅ ዳፍንት ይዞታል፣ ምነው ዝም አላችሁ ብሎ ተቆጣ። ዳፍንት ሲመሽ ዓይን የሚከለክል ነው፤ በእነሱ አገር መድኃኒቱ ጉበት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። በጉ ታረደ። ጉበቱ ድስት ውስጥ ሲፍለቀለቅ አስማረን ጋቢ አከናንበው በእንፋሎቱ ዓይኑን አጠኑት፤ ከዚያ ጉበቱን አበሉት። ከጋቢው ሥር ሲወጣ ፊቱ በላብ ርሷል፣ ሁላችንም ከበን እያየነው እሱ ይስቅ ነበር።

ለጊዜው የተሻለው መሰለን። ባይሻለውም እንኳ አባዬ አንድ ነገር ተናግሮ ጭንቀታችንን ዘጋው፤ ያን ሁሉ ፊልም ውስጥ ዝንብ የማታክል ነገር የሚያይ ልጅ ዓይኑ ምን ይሆናል አለ። ማን ይከራከረዋል? ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው። እማዬም አምላኳን አመሰገነች። አያ መልኬም ሸጋ ነው ብሎ በትሩን አንስቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መንገድ ሲሻገር ከጎኑ የመጣ ባጃጅ ገጨው። እግሩን ብቻ ነበር የተጎዳው፤ ሐኪም ቤት ግን አንድ ነርስ ባጃጁን እንዴት አላየኸውም ብላ ጠይቃው መልሱ ስላላማራት ወደ ዓይን ሐኪሟ መራችው። አባዬና እኔ አብረነው ገባን። ሐኪሟ ጣቶቿን በጎን በኩል አምጥታ ስንት ናቸው ስትለው የት እንዳሉ እንኳ አላወቀም። ብዙ መረመረችው። ትምህርት እንዴት ነው፣ ምን ትወዳለህ ስትለው ደግሞ ፊቱ በራና ስለ መላጣው ሰውዬ፣ ስለ ቁልፏ፣ ስለ ጫማው ይነግራት ጀመር። እሷ እየሰማች አንድ ወረቀት ጠቀለለችና ለአባዬ ሰጠችው።

«በዚህ ክፍሉን ይዩት፣ ጋሼ» አለችው። አባዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጥቅሉ ቀዳዳ አየ። «ልጅዎ የሚያየው ይህን ያህል ነው። ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነው የመጣው።»

አባዬ አላመነም። «እንዴት ይሆናል? እሱኮ ማንም የማያየውን ነው የሚያይ» አላት።

«ለዚህ ነዋ» አለችው። እኛ ሙሉውን ባንዴ ስለምናይ መሀሉን አይተን እንረካለን፤ እሱ ግን ባንዴ ስለማይገባለት ጥግ ጥጉን እየዞረ ይፈልጋል ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳችው። አባዬ መድኃኒቱን ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች። ቀዳዳው እየጠበበ ሄዶ አንድ ቀን ይዘጋል አለች። አባዬ ያን የተጠቀለለ ወረቀት በእጁ እንደያዘ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ቆሞ መንገደኛውን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን በቀዳዳው ሲያይ ቆየ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የኮራንበት ነገር ሁሉ በሽታው ነበር።

ከዚያማ ጸበሉም፣ ስለቱም፣ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪምም አልቀረ። ዘመድ ሁሉ ሳይጨልምበት ሊያሳየው የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ አያ መልኬ የጃናሞራን ገደል፣ አባዬ የከተማችንን የጥንት ቤተ መንግሥት፣ የንስሐ አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል። እማዬ ግን ራሷን ነበር የምታሳየው። ጠዋት ጠዋት ብርሃን ባለበት በር ላይ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ነጠላዋን ገፋ አድርጋ እየኝ ትለዋለች። እሱም ከግንባሯ ጀምሮ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ አገጯን እያለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሷ አታለቅስም፤ ፊቴ ተበላሽቶ በልቡ እንዳያስቀምጠው ትል ነበር። አባዬም ተላጭቶ ይቀመጥለታል። ከዚያ አስማረ ክንዴን ይይዝና ወደ አያ ደሴ እንሄዳለን፤ ሥራ ሳይጀምር ለእኛ ብቻ ይከፍትልናል። የሰላዩን ፊልሞች ከቁጥር አንድ ጀምረን እንደገና አየናቸው። አያ ደሴ ከቆጥ ባወረደልን ቴሌቪዥን ፊት፣ አስማረ አፍንጫው እስኪነካው ተጠግቶ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። አያ ደሴ እንባው ሲመጣ ካሴት የሚፈልግ መስሎ ፊቱን ያዞር ነበር።

የዓይኑ ብርሃን መቼ እንደጠፋ በትክክል አይታወቅም። ቀስ ብሎ፣ ሳይሰናበት ነው የሄደው። አስማረ ተማረ፣ የአማርኛ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ ማን ዴስክ ላይ እንደተኛ በትንፋሹ ያውቃል እያሉ ይፈሩታል። እማዬም አባዬም አሁን የሉም። የአያ ደሴ ቪዲዮ ቤት ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ ከሥሩ ሞባይል ይጠገንበታል። እኛ ሁለታችን ግን አሁንም ማራኪ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

እና ያን ቪዲዮ ይዤለት ገባሁ። ስልኩን መሀላችን አስቀምጬ ከፈትኩለት፤ ልጁ ስለ መላጣው ሰውዬ ሲያወራ አስማረ እንደ ድሮው ሳቀ። ልጁ ጫማው ጥቁር ሆኖ በቀይ ቡኒ ተቀየረ ሲል፣ ቀይ ቡኒ አይደለም፣ ገና ያልተቀባ ቆዳ ነው የሚመስለው፣ ማሰሪያው ብቻ ነው ቀይ ብሎ አረመው። መልሼ አየሁት፤ ልክ ነው። እኔም ልፈትነው ብዬ የአክተሩን ፊት ጠየቅኩት። ከአገጩ በታች ያለችውን ጠባሳ፣ ሲዋሽ ብቻ ከፍ የምትል የግራ ቅንድቡን፣ ሁሉንም ነገረኝ። እስክንደክም ሳቅን። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሻሽ ጀመር።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትዘኝብኝ» አለኝ። «ያንቺ ፊት ጠፋብኝ።»

«መቼ ነው?» አልኩት።

«የጠፋብኝም አይመስለኝም፤ መጀመሪያም አልያዝኩትም። ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርሽ። እኔ ደግሞ አጠገቤ ያለውን አላይም ነበር» አለ። «ሳቅሽን ስሰማ የሚታየኝ የእማዬ ፊት ነው። ሌላ የማስቀምጥልሽ ስለሌለኝ እሱን ሰጥቼሻለሁ።»

እጁን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግኩት። ትንሽ አቆየው፣ እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገና መለሰው። ይሄ በፊልም ነው የሚሆን፣ እጅ መች ፊት ያያል አለኝ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ስልኬ ላይ ልጁ ገና ስለ ሰዓቶቹ ያወራል።

ያኔ አግዳሚው ላይ ሰው ሁሉ አክተሩን ሲያይ፣ አስማረ ጥግ ጥጉን ሲያይ፣ እኔ የማየው ወንድሜን ነበር። አንድ ነገር ሲያገኝ ዓይኑ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ከንፈሩን እንዴት እንደሚነክስ፣ ከመጮሁ በፊት እንዴት ትንፋሹን እንደሚይዝ አውቀዋለሁ። ዛሬም ያው ፊት ነው፣ ጎልምሷል እንጂ። እማዬ በሩ ላይ በርጩማዋን ስትስብ ከጎኑ ቆሜያለሁ፤ አንቺስ ተቀመጪለት ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አላሰብኩትም። ማታ ማታ አሁን መስታወት ፊት እቆምና ከግንባሬ ጀምሬ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ልነግረው። ቅንድቤ ጋ ስደርስ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ይጠፋኛል።