ዐሥር አበባ ለጋሊና ፔትሮቭና

ከዲላ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ ከቡሌ ድረስ ጭቃውን አቋርጦ መጥቶ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በአውቶብሱ መስኮት አቀበለኝ። “አባዬ፣ ሩሲያ ይዞ መግባት አይቻልም” ብለው፣ “እስክትደርሺ ትበዪዋለሽ” አለኝ። ሐዋሳ ሳንደርስ ጨረስኩት። ያለቀስኩትም እሱን እየበላሁ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ “ሩሲያ እንዴት ነው?” ትሉኛላችሁ። የቡሌ ልጅ ነኝና ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የቡሌ ብርድ ጋቢ ሲያይ ይሸሻል፤ እኔ ያለሁበት የቮሮኔዥ ከተማ ብርድ ግን እንባን ጉንጭ ላይ ያደርቃል። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አበባ መሸጫ እሠራለሁ፣ ጋሊና ፔትሮቭና ከምትባል ባልቴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። በዓላቸውን ከጠየቃችሁኝ፣ ገናቸው ከእኛ ገና ጋር አንድ ቀን ይውላል፤ ትልቁ በዓላቸው ግን ኖቪ ጎድ የሚሉት አዲስ ዓመት ነው። መንደሪኑ፣ ስጦታው፣ ያጌጠው ዛፍ፣ ኦሊቪዬ የሚሉት በማዮኔዝ የተለወሰ የድንች ሰላጣ፣ ሁሉም ያን ሌሊት ነው።

ባለፈው ዓመት ታዲያ በዋዜማው፣ ጋሊና ፔትሮቭና ድንቿን እየከተፈች፣ “ዛሬ ሌላ ቦታ እደሪ” አለችኝ።

“ለምን?”

“ዘመዶቼ ይመጣሉ። አዲስ ዓመትን ከአንድ ሰው ጋር ከተቀበልሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ነው የምትኖሪው። እኛ ጋ እንደዚህ ነው።”

“ዓመቱን ሙሉ እኮ ተከራይቼ አብሬዎት ነው የምኖረው።”

“እሱ ሌላ ነው” አለችና ኮቴን አቀበለችኝ።

ወጥቼ መንገድ ለመንገድ ስዞር ካመሸሁ በኋላ ስልኬን ቻርጅ ላይ እንደተውኩት ትዝ አለኝ። ተመልሼ የሕንፃውን በር መነጋገሪያ ደወል ተጫንኩ። “ስልኬን ብቻ ላንሳ” ብላት፣ “እንግዶቼ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ነገ” ብላ መነጋገሪያውን ዘጋችው። ባቡር ጣቢያ አደርኩ። በእሷ ደንብ ከሄድን፣ ዓመቱን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ነበርኩ ማለት ነው።

በማግስቱ ስመለስ ስልኬ ተዘግቷል።

“ሲጮህ አመሸ” አለችኝ። “እኩለ ሌሊት ላይ ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ንግግር ሲያደርግ እንኳ አላረፈም። ዘጋሁት።”

ስከፍተው የተደወለው ሁሉ ከአባቴ ስልክ ነው። ደወልኩ፤ እናቴ አነሳችው። አባቴ አርፏል። ድንገት ታሞ፣ ነፍሱ እስክትወጣ “አስቴርን አገናኙኝ” ሲል እንዳመሸ ነገረችኝ። ለጋሊና ፔትሮቭና ምንም አልነገርኳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፤ አመቺ ቀን ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ቀኑ የሴቶች በዓላቸው ሆነ። ያን ቀን ሥራ ዝግ ነው፣ ሴት ሁሉ አበባ ይሰጣታል። ታዲያ አበባው ጎደሎ ቁጥር መሆን አለበት፤ ሙሉው፣ እንደ ሁለትና አራት ያለው፣ ለሬሳ ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ለአንድ ሙሽራ ጥንድ ጥንዱ ይሻላል ብዬ ስድስት ጽጌረዳ ባስርለት፣ አሠሪዬ ከእጄ ነጥቃ “ልትቀብሪያት ነው እንዴ?” ብላ ጮኸችብኝ። እኛ አገር አበባ ማን ይቆጥራል።

ዐሥር ቀይ አበባ መርጬ፣ በጥቁር ሪባን አስሬ ወሰድኩላት። በሩ ላይ “እንኳን አደረሰዎት” ብዬ ሰጠኋት። ፈገግ እያለች ተቀበለችኝና እንደ ልማዳቸው ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

“ዐሥር ነው” አለች።

“አዎ፣ ዐሥር ነው።”

“አንቺ አበባ ቤት ነው የምትሠሪው። ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ለማን ሞት ነው?”

“ለአባቴ። ያን ሌሊት ሲጮህ የዘጉት የእሱ ጥሪ ነበር። ሊሰናበተኝ ነበር የደወለው።”

አበባውን እንደያዘች ጫማ ማድረጊያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። እንቅልፌን ተኛሁ።

ሁዳዴያቸው ሊገባ ሲል ደግሞ የይቅርታ እሑድ የሚሉት አላቸው። ብሊኒ የሚሉትን ስስ ቂጣ በቅቤ ይበሉና፣ ሰው ሁሉ እየዞረ “በድዬህ እንደሆን ማረኝ” ይላል። መልሱ “እግዚአብሔር ይማርህ፣ እኔም ምሬሃለሁ” ነው። ያን ቀን ክፍሌ ተንኳኳ። ጋሊና ፔትሮቭና ብሊኒ በሳህን ይዛ፣ በሚያማት ወገቧ ዝቅ ብላ “ፕራስቲ ሜንያ”፣ ማሪኝ አለችኝ። ሳህኑን ተቀበልኩና በሩን ዘጋሁት። ብሊኒውን በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

“ማሪያት አስቱ” አለችኝ። “አሮጊት ናት አይደል? ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እግዚአብሔር አይወድም እኮ።”

“እማ፣ አባዬ ምን ሊለኝ ነበር?”

“ለእኛ ንገረንና እንነግራታለን አልነው” አለች። “እምቢ አለ። ለእሷ ነው የምናገረው፣ ለእናንተ አይደለም አለ። በቃ፣ እንደያዘው ሄደ።”

“ታዲያ ምኑን ነው የምምራት? ምን እንደወሰደችብኝ እንኳ አላውቅም።”

“በይ ደህና እደሪ” አለችኝ እናቴ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ ትነግረኛለች። ማሪያት ግን ደግማ ብላኝ አታውቅም።