ሟቹ ሆነው የኖሩት ተዋናይ

ወንድሜ ያንን የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ እንደ አዲስ ቀርጬ ሲኒማ ቤት አሳየዋለሁ ብሎ ሲነሳ ከቤታችን ያመነው ሰው አልነበረም። ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነው። እሱ ሠርግ ይቀርጻል። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ሁለታችንም ከእናታችን ጋር ከኤርፖርቱ ጀርባ ባለው ሰፈር እንኖራለን። ትከሻው ላይ የሚሸከማት የቪዲዮ ካሜራ የራሱ ናት፤ ከእሷ ሌላ ለፊልም የሚሆን ነገር አልነበረንም።

ድራማውን በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያስታውሰዋል። የተወሰደው ከአንድ የታወቀ የውጭ አገር ልብ ወለድ ነው፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ሽፋኑ እስኪላላጥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መጽሐፍ። አንዲት ሴት ባሏ ይሞትባታል። መሞቱን ልቧ አልቀበል ይላትና ራት ባቀረበች ቁጥር የእሱንም ድርሻ በሳህን ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ሳህኑን ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ቀጥሎ ሟቹ ራሱ ይመጣል። ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና ይበላል።

ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን፣ ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን ነው ያየነው። ሟቹ ከሳህኑ ቀና ብሎ ወደ እኛ ሲያይ አንዷ ልጅ ጮኻ የጎረቤታችንን ብርጭቆ ሰበረች። እኔ የእናቴን ነጠላ ፊቴ ላይ ጎትቼ በስስ ጨርቁ ውስጥ ማየቴን ቀጠልኩ። ያ ፊት በልጅነቴ ሁሉ አልተለየኝም።

ወንድሜ ታሪኩን እዚሁ አገር ሊያደርገው ፈለገ። ቤቱ ቦሌ ቡልቡላ፣ ሴትየዋ የኛ ሴት፣ ለቅሶው የኛ ለቅሶ። መጀመሪያ ያሰበው ግን ሟቹን ነው። "እሳቸው ራሳቸው ከሌሉ ማን ሊያየው ይመጣል?" አለኝ። ድሮ ሟቹን የተጫወቱት ተዋናይ ከቴአትር ቤት ጡረታ ወጥተው ሃያ ሁለት አካባቢ ይኖሩ ነበር። በረንዳ ያላት አንዲት ካፌ ከሰዓት በኋላ እንደሚቀመጡ ሰምተን አብረን ሄድን። እኔን የወሰደኝ ብቻውን ስለፈራ ነው፤ ልክ ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር።

ጋዜጣ እያነበቡ አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ሲያዩን ሁለታችንም ቆም አልን። እሳቸውም ያንን አስተዋሉ።

"ግድ የለም፣ ተቀመጡ፤ ልጆቼ ናችሁ" አሉን። "ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው።"

ወንድሜ ሐሳቡን ዘርዝሮ ነገራቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ ጋዜጣቸውን አጠፉና፣ "ጎረቤትየውን ማን ይሠራዋል?" ብለው ጠየቁ።

ጎረቤት የሚባለው በታሪኩ ውስጥ ትንሽ ሰው ነው። ሴትየዋን ሊያስተዛዝን ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ከሰው እንዳትርቅ ይለምናታል፤ ይሄዳል። ወንድሜ ገና አላሰብኩበትም አለ።

"እሱን ስጠኝ" አሉ። "ሟቹን አልሠራም።"

"ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ እርስዎን የሚያውቀው በሟቹ ነው!"

"ታዲያ እሱን አይደል የምልህ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ስሚ፣ ልጄ። ያ ድራማ ከታየ በኋላ መንገድ ላይ 'ሙቱ መጣ' እያሉ ልጆች ሲሸሹኝ ይስቀኝ ነበር። ተዋናይ ነኝ፣ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ ግን የሥራ ባልደረባዬ አባቱ አርፈው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የሟቹ የልጅ ልጅ አየችኝና አበደች። አያቷ ሞተው፣ እኔ ደግሞ በበሩ ስገባ! እናትየዋ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የምደርሰው ቀብር ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ነው። ቤት አልገባም።"

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ ታክሲ ውስጥ፣ "ተበላሸ" አለኝ። እኔ ግን ተበላሸ ብዬ አላሰብኩም። "የጠየቁህን ስጣቸው" አልኩት። ለመስማማት ጥቂት ቀን ፈጀበት።

ሟቹን እንዲሠራ ያገኘው ጎማ ቤት የሚሠራ የሰፈራችንን ጎረምሳ ነው። ቁመቱ ከበር በላይ ነው፤ ግን ሳቁ አይያዝም። ሚስቲቱን የሠራችው አማተር ቴአትር ክበብ ውስጥ የነበረች የባንክ ሠራተኛ ናት። ሜካፑ የኔ ሆነ። ሙሽራ ከማሳመር በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቡልቡላ ያኔ እርሻ ነበር። እናታችን የምታውቃቸው ሰዎች የጤፍ ማሳ መሐል ያለ፣ ትልቅ ሳሎን ያለው አሮጌ የድንጋይ ቤት አዋሱን። ቤቱ የተፈለገውን ያህል ጭር ያለ ነው፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረው፣ አውሮፕላን። ሴትየዋ አልቅሳ፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ሁሉም ነገር ሲያምር፣ ከኤርፖርቱ የተነሳ አውሮፕላን ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ወንድሜ ፀጉሩን ይይዛል። ጎረምሳው ይስቃል። ሳቁ ወደ ባንክ ሠራተኛዋ ይጋባና እንባዋን ጠርጋ ትስቃለች፤ ከዚያ ኩሉን እንደ አዲስ እቀባታለሁ።

ተዋናዩ ብቻ አይነቃነቁም። አውሮፕላኑ ሲመጣ አፋቸው ላይ የነበረችውን ቃል እንደያዙ ይጠብቁና፣ ድምፁ ሲርቅ ከዚያችው ቃል ይቀጥላሉ።

ሟቹ ግን አላስፈራ አለ። ፊቱን በዱቄትና በፓውደር አነጣሁት፣ ከዓይኑ ሥር ከሰል ቀባሁት፣ ከንፈሩን አጠቆርኩት። ወንድሜ ካሜራው ውስጥ አይቶ፣ "ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው መሰለ" አለ። እውነቱን ነው። ደጋግመን ሠራነው፤ በደገምነው ቁጥር ባሰ። አንድ ቀን ጎረምሳው ራሱ ተናዶ፣ "እኔ ሰው ማስፈራራት አልችልም በቃ" ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ተዋናዩ አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ። እኔ ጨርቅ እያጠብኩ እሰማቸዋለሁ።

"እኔ ስሠራው አንድ ሰው አስፈራራለሁ ብዬ አላውቅም" አሉት። "የማስበው ርቦኛል ብዬ ነበር። ሞቻለሁ፣ ርቦኛል፣ ቤቴ መጥቻለሁ። ሚስቴ እንዳትደነግጥ እጠነቀቃለሁ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።"

ጎረምሳው አሰበና፣ "ቀስ ብዬ ነው የምበላው ማለት ነው?" አለ።

"እንግዳነት እንደተሰማው ሰው ብላ። በራስህ ቤት እንግዳ ሆነህ።"

እኔ ያንን ስሰማ ዱቄቱ አስጠላኝ። ጎረምሳውን ጠርቼ ፊቱን በሳሙና አጠብኩት። የቀባሁት ትንሽ ቫዝሊን ብቻ ነው፤ ጠዋት ታጥቦ እንደወጣ ሰው እንዲመስል። ፀጉሩን በጎን ከፍዬ አበጠርኩት፣ የእናቴ ወንድም ይለብሰው የነበረውን ኮት አለበስኩት። ወንድሜ ሲያይ ጮኸብኝ።

"ይሄ እኮ ተራ ሰው ነው! ሰው በምን ሊፈራ?"

"አንድ ጊዜ ቅረጸው" አልኩት። "ካላማረህ መልሼ አነጣዋለሁ።"

ቀረጸው። ጎረምሳው ገባ፣ ወንበሩን እንዳይጮኽ ቀስ አድርጎ ሳበው፣ ተቀመጠ፣ ሴትየዋን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አያትና መብላት ጀመረ። የባንክ ሠራተኛዋ የተነገራት ቃል ጠፍቷት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያ መደንገጥ የትወና አልነበረም። አውሮፕላንም አልመጣም። ወንድሜ ካሜራውን አጠፋና "ይህንን እንይዛለን" አለ። እኔን አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ጎረቤቱ የሚመጣበትን ክፍል የቀረጽነው መጨረሻ አካባቢ ነው። ተዋናዩ ከቤታቸው የመጣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ገብተው ዳቦውን ለሴትየዋ ሰጡና አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በጽሑፉ ላይ እንደተቀመጡ ወዲያው መናገር ነበረባቸው። አልተናገሩም። ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚያደርገው አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ከዚያ፣ "እንዴት ነሽ፣ እህቴ?" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። ይቺ ቃል በጽሑፉ አልነበረችም። ወንድሜ አላስቆማቸውም።

ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጣጥሎ ሲያልቅ አንድ የሲኒማ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያሳይልን ተስማማ። የቪዲዮ ፊልም በትልቅ ሸራ ማሳየት ያኔ ገና እንግዳ ነገር ነበር። ከአንድ ሆቴል ለስብሰባ የሚያከራዩት ፕሮጀክተር መጣ፤ ሥዕሉ ሸራው ላይ ሲወጣ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ ግን የኛን ቡልቡላ ያን ያህል ሰፍቶ ሳየው ደብዛዛነቱን ረሳሁት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የድሮውን ድራማ የሚያስታውሱ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ተዋናዩ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ካራቫት አድርገዋል።

ሴትየዋ ብቻዋን ሳሎን ተቀምጣለች። በሩ ይንኳኳል። ትከፍታለች። ተዋናዩ ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከኋላችን አንዲት ሴት "እናቴ ድረሽ!" አለች። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሸራው ላይ እሳቸው በደግ ፊት "ይቺን ዳቦ ተቀበይኝ" ሲሉ ከጩኸቱ የተነሳ አልተሰሙም። ወንድሜ ከፊታችን ካለው ወንበር ዞሮ አየን፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልገባኝም።

የተዋናዩን እጅ አየሁት፣ የወንበሩን ክንድ ጨብጠዋል። "አወቁኝ" አሉ ቀስ ብለው። ተነስተው እንዳይሄዱ ፈርቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ጩኸቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ ሰው በራሱ ድንጋጤ ሳቀ። ሸራው ላይ እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። ዝምታው ሲረዝም ሳቁም እየሞተ ሄደ። "እንዴት ነሽ፣ እህቴ?" ሲሉ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ነበር። ከዚያ አፍንጫ መናፈጥ ሰማሁ፤ አንድ ቦታ፣ ሌላ ቦታ። እሳቸው አላለቀሱም። የወንበሩን ክንድ ግን ለቀቁት።

በኋላ ጎረምሳው ሟች ሆኖ ሲገባም ሰው ፈራ። በሌላ ዓይነት ፍርሃት፣ ድምፅ በሌለው። ወንድሜ ይህንን ሲያወራ አመሸ።

ስንወጣ በሩ ላይ ሰው ከበባቸው። አንድ ወጣት፣ "ጋሼ፣ ያቺን የሟቹን አስተያየት አንድ ጊዜ ያሳዩን" ብሎ ለመናቸው፤ "ረሳሁት፣ ልጄ" ብለው አለፉት። ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ግን እጃቸውን ይዘው አልለቅ አሉ።

"እኔ እኮ ሞተዋል ብዬ ነበር" አሏቸው።

"አልሞትኩም፣ እመቤቴ።"

"እንኳን አልሞቱ። ሴትየዋን ደኅና አድርገው አጽናንተውልኛል።"

ተዋናዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ጋር ተጣላን። ፖስተር ሊያሠራ ነው፤ የሳቸውን ፊት ሙሉውን አድርጎ "ሟቹ ተመለሰ" ብሎ ሊጽፍበት። "ስንት ነገር ነግረውህ!" አልኩት። "ሰው የጮኸው በሳቸው ነው፤ አንቺም ሰምተሻል" አለኝ። ለሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በመጨረሻ ሄጄ ራሳቸውን እጠይቃለሁ አለና ካፌው ሄደ፤ ሲመለስ ቁጣው በርዷል።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ፎቶዬን ለጥፍ አሉኝ። ግን ዳቦውን እንደያዝኩ አሉ። ጽሑፉን ደግሞ አትጻፍ አሉኝ።"

እንዳሉት አደረገ። ፖስተሩ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዳቦ ይዘው ቆመዋል፤ ከሥሩ የፊልሙ ስም ብቻ። ይሄ የሚያስፈራ ፊልም ነው ወይስ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ እያሉ ሰዎች ሲስቁ ሃያ ሁለት አደባባይ አጠገብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቢሆንም ጥቂት ሳምንት ሰው አየው። ከዚያ አዳራሹ የራሱን የውጭ ፊልም ስለፈለገ የኛ ወረደ።

ወንድሜ ወደ ሠርግ ቀረጻው ተመለሰ፤ ሌላ ፊልም ለመሥራት ግን ከዚያ ወዲህ ማሰብ አላቆመም። ጎረምሳው ጎማ ቤቱን ሳይለቅ ሁለት ቴአትር ላይ ቆመ። ለተዋናዩ በሬዲዮ ድራማ የአባት ክፍል ተሰጣቸው፤ ሴት ልጁን ለመዳር የሚንከራተት ተናዳጅ አባት። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ድራማው በሚተላለፍበት ሰዓት የሬዲዮኑን ድምፅ እንጨምርና ፀጉር ማድረቂያውን እናጠፋለን። ፀጉራቸው እርጥብ የሆነ ደንበኞች ይነጫነጫሉ፣ ከዚያ እነሱም ያዳምጣሉ።