የባንዲራው በሬ

የያዙኝ ጠዋት ነው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ። ጥፋቴ ሥዕል ነበር። የሥዕል መምህር ነኝ፤ ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ የዞናችን ዋና ከተማ ጂንካ የራሷ ባንዲራ ይኑራት ብለው ለመኑኝ፣ ሣልኩላቸው። ከላይ ጥቁር፣ መሐሉ ነጭ፣ ከታች ጥቁር። መርማሪው ጥቁሩን የአመፅ ምልክት አደረገው። እውነቱን ብነግረው ማን ያምነኛል? ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቀረው ቀለም እሱ ብቻ ነበር።

"ትርጉሙን ጻፍ። እንድትሥል ያዘዙህንም ሰዎች ስም ጻፍ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ" አለና ሥዕሉን ከእስክሪብቶ ጋር ሰጥቶ ወደ እስር ክፍሉ መለሰኝ።

ክፍሉ እርጥብ ቆርቆሮና ሽንት ይሸታል። ከእኔ ሌላ የነበሩት አንድ የቦዲ ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው፤ በከብት ጠብ የተያዙ። ቦዲዎች ለልጅ ስም ሲያወጡ የበሬ መልክ አብረው ይሰጡታል፤ ቀለምን የሚያውቁት በከብት ገላ ነው።

ከሥዕሉ ግራ ጠርዝ ላይ የአንዱን ተማሪ ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሽማግሌው ተጠግተው አዩ፤ አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነበር።

"ማን በሬ ነው?"

"በሬ አይደለም አባባ፣ ባንዲራ ነው። የከተማ።"

"ጥሩ በሬ ነው" አሉ፣ እንዳልሰማ ሰው። ወረቀቱን አዟዟሩት። "ፊት የት አለ?"

ፊት? ሳምንት ሙሉ ስሥል ከተማዋ ወዴት እንደምታይ አንዴም አላሰብኩም። የት እንዳለሁ ረስቼ ማሰብ ጀመርኩ።

ጣታቸውን ፊደሏ ላይ አሳረፉ። "ይሄስ?"

"የሰው ስም መጀመሪያ ነው።"

"ሰውዬ በሬ አለው?"

"የለውም። እናት አለችው።"

ወረቀቱን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

ፊደሏ ላይ ቀንድ ቀጠልኩ። ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ዓይን። ምንም እስከማይነበብ አጠቆርኳት። ከሥሩም "ትርጉም፦ ወገቡ ነጭ የሆነ ጥቁር በሬ። ፊቱ ይኸው" ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው የበሬውን ራስ ሲያዩ ሳቁ።

መርማሪው አልሳቀም። ሦስት ወር ቆየሁ። ሽማግሌውን ከእኔ በፊት ለቀቋቸው፤ ዳግም አላየኋቸውም።

ባንዲራዬ አልተሰቀለም። ዛሬም የየትኛውንም ዋና ከተማ ባንዲራና አርማ ሳይ፣ ከትርጉሙ በፊት ፊቱን እፈልጋለሁ። ያ ተማሪዬ የልጆች አባት ሆኗል። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ "ጋሼ" ብሎ ጎንበስ ይላል። በስሙ ልጠራው ስል የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አፌ ይያዛል፤ አፍራለሁ።