ሌሊት የሚሰማዎት ሰው አለ?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጄሪካን፣ ሳሙና፣ አጎበር ወይም የላስቲክ ጫማ የፈለገ ሰው ወደ ሱሌማን ሱቅ ይሄዳል። ሱሌማን ርካሽ ስለሚሸጥ አይደለም፤ ርካሽ ሸጦ አያውቅም። ሰው የሚሄደው ለወሬው ነው። ጫማ ስትለካ የልጆችህን ስም እየጠራ ይጠይቅሃል፤ ገንዘብ ስትቆጥርለት ደግሞ የሚስቱን ሙያ ያነሳልሃል። «ትናንት ዘሃራ ዓሣ ጠብሳ በርበሬውን አበዛችው፤ ይኸው ምላሴ እስካሁን ይቃጠላል» ይላል። ገዢው ይስቃል፤ መልሱን መቁጠርም ይረሳል።

ዘሃራ ግን ጋምቤላ ውስጥ ዓሣ ከጠበሰች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ሱሌማን የጅማ ሰው ነው። በወጣትነቱ መቲ ከተማ ላይ ቡና ሲነግድ ቆየና ወደ ቆላው ወረደ፤ ሱቅ ከፈተ፣ ከአገሩ ዘሃራን አግብቶ አመጣ፣ ነጅሚያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ ዘሃራ «ሙቀቱም ወባውም ለልጅ አይሆንም» ብላ ይዛት ወደ ጅማ ወጣች። ለትምህርቱ ጊዜ ብቻ ነበር የተባለው። ነጅሚያ ተምራ ጨረሰች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ዘሃራ አልተመለሰችም። ጠብ የለም፣ ፍቺም የለም፤ ማንም ማንንም አልሰደበም። ስልኩ በፊት በየማታው ነበር፤ ኋላ በየጁምዓው ሆነ፤ ኋላ ለኢድ ብቻ ሆነ። ትዳሩ እንደሚሸጠው ሳሙና በእጅ ላይ እያለ ሳይታወቅ አለቀ።

ይህን ለሰው መንገር ለሱሌማን ሞት ነበር። ሱቁ በረንዳ ላይ የሚሰበሰቡት ነጋዴዎች ሚስቱ ስለቀረችበት ወንድ ምን እንደሚሉ አሳምሮ ያውቃል፤ ስለሌላው ሲሉ አብሮ ስቋልና። ስለዚህ ዘሃራ ረስታው የሄደችውን ቢጫ ሻርፕ በየሳምንቱ እያጠበ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ያሰጣል። የሚያልፍ ሰው አይቶ የሴት ቤት ነው ይላል። ውስጡን ለቄስ ይላል ሰው፤ ሱሌማን ሙስሊም ስለሆነ ቄስም አልነበረውም።

ቤቱ ከአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ ከተሠሩት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ኛኩዎል የምትባል የኑዌር ሴት ከልጆቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። መሥሪያ ቤት ታጸዳለች፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሥራዋን ጨርሳ ትመለሳለች። አማርኛዋ አጭር ነው። ጠዋት ጠዋት በኑዌርኛ ሰላምታ «ማሌ» ትለዋለች፣ እሱም «ማሌ» ይላታል፤ በዚያው ያልቃል። ሱሌማን ይህቺን ሴት ከማያዩትና ከማይሰሙት ቆጥሯት ነበር። የሚያዋስናቸው ግድግዳ ግን ነፋስ እንዲያገኝ ተብሎ ጣሪያው ሳይደርስ የቆመ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከግራ ጆሮው ሥር ነው። ጆሮ ነው ብሎ ጠብታ አስገባ፤ አልተሻለውም። ጥርስ ነው ብሎ ደግሞ ተዉ ሲሉት እምቢ አለና ጤነኛ መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ያም አልጠቀመውም። አፉን ሲከፍት ቋ ይላል። ጠዋት ሲነሣ አገጩ እንደ ዛገ በር አልላወስ ይለዋል፤ ሥጋ ማኘክ ቀረ፣ ከአቦቦ የሚመጣውን ሩዝ አለስልሶ እየቀቀለ በማንኪያ ይውጣል። ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ወሬው ነው። ጥቂት ካወራ ጉንጩ እስከ ሰረሰሩ ድረስ ይነዘንዘዋል፤ ስለዚህ ዝም አለ። ገዢ ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሱሌማን በጣቱ ያሳያል፣ ገዢ ይሄዳል። የሱሌማን ቤተሰብ ቀን ቀን ሱቁ የሚገባው ሕዝብ ነበር። አፉ ሲዘጋ ቤተሰቡ ተበተነበት።

በመጨረሻ ወደ አንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ከፈለ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። የምትረዳው ነርስ ፊልሞና የአኙዋክ ልጅ ናት፤ እዚያው ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እናቷ ከሱሌማን ሱቅ ሳሙና የሚገዙ። ዶክተር ከፈለ ጣቱን ከጆሮው ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይክፈቱ፣ ይዝጉ» አለው።

«ሕመሙ ከጥርስ አይደለም ጋሽ ሱሌማን። እዚህ ጋ አገጭና የራስ ቅል የሚጋጠሙበት መገጣጠሚያ አለ። እሱና የሚያኝከው ጡንቻ ናቸው የተቆጡት» አለ። «ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደርድሮ አፉ ውስጥ ያስገባል። እስቲ ይሞክሩ።»

አንዱ ገባ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ።

«ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

«ኧረ እኔ አላፋጭም።»

«የሚያፋጭ ሰው ራሱ አያውቅም፤ አጠገቡ የተኛ ነው የሚነግረው። ሌሊት የሚሰማዎት ሰው አለ? ባለቤትዎ ምን ይላሉ?»

እውነቱን የሚናገርበት በር ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ግን ፊልሞና አጠገቡ ቆማ ነበር፣ እናቷ ደግሞ የሳሙና ደንበኛው ናቸው። ሱሌማን ውሸት ሲጀምር በትንሹ አይበቃውም። «ዘሃራ እንቅልፏ የወፍ ነው ዶክተር፤ ዝንብ ቢበር ትነቃለች። አንድም ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱን ሱሌማንም ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለው ነበር።

ሐኪሙ ያለውን ይዞ ጀመረ። ለስላሳ ምግብ፣ ጉንጭ ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የሌዘር ብርሃን ሕክምና። «ይህ ብርሃን አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። ቁጣውን ያበርዳል፤ ብዙ ሰው ላይ ሕመሙን ይቀንሳል፤ ሁሉንም ግን አይፈውስም» አለው። ሱሌማን ይህን ሰውዬ በዚህ ምክንያት ወደደው። ሸቀጡን ራሱ የሚነቅፍ ነጋዴ አይቶ አያውቅም ነበር።

ለዓይኑ ጥቁር መነጽር አደረጉለት፤ እነሱም አደረጉ። እስክሪብቶ የምታህል ነገር ጫፏ ቀይ አብርታ ከጆሮው ሥር ተጫነች። ምንም አልተሰማውም፤ ሙቀትም ንዝረትም። የተሰማው የፊልሞና እጅ ነው። እንዳይነቃነቅ አገጩን በመዳፏ ደግፋ ይዛዋለች። ፊቱን ሰው ከነካው ስንት ዘመኑ ነው? ፀጉር ቆራጩ እንኳ ከአንገቱ በላይ በማሽን ነው የሚነካው። ሱሌማን በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ዓይኑ ሞላ፤ መነጽሩ ጥቁር ስለሆነ አላህን አመሰገነ። ብቻውን መሆኑን ለዓመታት ያውቀዋል፤ የዚያን ቀን ግን አመመው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሻለው። ሁለት ጣት ገባ። ሱቁ ውስጥ እንደገና ወሬ ተጀመረ፣ ዘሃራም እንደገና ዓሣ መጥበስ ጀመረች። ግን እፎይታው ከአንዱ ቀጠሮ እስከሚቀጥለው አይደርስም ነበር። ቀን የላላው አገጭ አድሮ ጠዋት ድርቅ ብሎ ይነሣል። ዶክተር ከፈለ ግራ ገባው፤ በትንሽ መስተዋት ጥርሱን ደጋግሞ አየ።

«ብርሃኑ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ሌሊት የሚሠራውን አያስቆምም። ጥርስዎ አናቱ ተፈጭቷል። የሚፋጭ ከሆነ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ግን ላሠራልዎት አልፈልግም። ባለቤትዎን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ካልተመቻቸው በስልክ ያገናኙኝ።»

ሱሌማን ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሕመሙ እንዲለቀው ይፈልጋል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅም ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ አሁን ገባው። ቢሆንም አንድ መላ ነበረችው፤ ዘሃራ ለሐኪሙ አብራው እንደምታድር ሆና እንድታወራለት ሊለምናት ደወለ።

«ምነው ሱሌማን?» አለች ዘሃራ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ነጅሚያ ታባብላለች። «ዛሬ ኢድ አይደለም እኮ።»

በክፋት አላለችውም። ደንግጣ ነው የጠየቀችው፤ ያ ነው የባሰው።

«ምንም የለም። እንዲያው ደህንነታችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለና ዘጋው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ መነጽሩን አድርጎ ተጋድሞ ሳለ መብራት ጠፋ። ፊልሞና ጄኔሬተሩን ልታስነሣ ወጣች። ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ሙቀቱ ወዲያው ወረደባቸው። ሱሌማን መነጽሩን አላወለቀም።

«ዶክተር፣ ዘሃራ የለችም።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ጅማ ናት። የሄደችው ልጃችን ፊደል ልትቆጥር ስትል ነው፤ አሁን ልጃችን ወልዳለች። ውሸቴን ነው የነገርኩህ። ሌሊት የሚሰማኝ ሰው የለም።»

ሱሌማን ሳቅ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፤ ሳቅ አልመጣም። ወንበር ሲሳብ ሰማ፤ ሐኪሙ ወደ እሱ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«እኔም እናቴ ደውላ ለምን ብቻህን ሆንክ ስትለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ» አለ። «የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ የማናግረው ሰው የለም።» ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው የተፈጨው ጥርስዎ ይመስክር። ልኬት እንወስዳለን።»

ልኬቱ አዲስ አበባ ሄዶ የጥርስ ሽፋን ሆኖ በአውቶቡስ መጣ። እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ማታ የላይኛው ጥርስ ላይ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ሱሌማን አደረገውና ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ አገጩ ላልቶ ነቃ፤ ያነቃው ግን ሕመሙም አዛኑም አልነበረም። በሩ ይደበደባል።

ኛኩዎል ናት። ሥራ መሄጃ ልብሷን ለብሳለች፤ እጇ ገና በሩ ላይ ነው። ልጆቿ ከኋላዋ ቆመው ያዩታል።

«አንተ አለህ?» አለች።

ሱሌማን ሽፋኑን ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ያዘው። «አለሁ። ምን ሆናችሁ?»

«ሌሊት ድምፅ የለም። ሁልጊዜ አለ። ክርክርክር ይላል። መጀመሪያ ልጆች ፈራ፤ ‹ምንድነው?› ይላል። እኔ ‹ሱሌማን ነው። አለ። ተኙ› እላለሁ። ትናንት የለም። እኔ ጠበቅሁ፣ የለም። ሞተ አልኩ።»

ያ ሁሉ ዓመት ሰው አይሰማኝም ብሎ ጥርሱን ሲያፋጭ ከግድግዳው ወዲያ ይህቺ ሴት ልጆቿን በዚያ ድምፅ ታስተኛ ነበር። ልቡ ተነካ፤ አፉ ግን የለመደውን አመጣ። «ይኸው ሐኪም ይህን ሰጠኝ። ዘሃራም እኮ ገርሟት…» ብሎ ጀመረ።

ኛኩዎል ገመዱ ላይ የተሰጣውን ቢጫ ሻርፕ አየች።

«ዘሃራ የለም» አለች በቀስታ። «ሻርፕ አንተ ታጥባለህ። እኔ አያለሁ።»

አልሳቀችበትም። አላዘነችለትምም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገረችው። ሱሌማን አንገቱን ደፋ።

«ልጆች ያን ድምፅ ለምዷል» አለች መንገድ ስትጀምር። «አሁን ማታ ስትተኛ ግድግዳ ምታ። አንድ ጊዜ። እኔ ልወቅ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ሻርፑን ከገመዱ አወረደው፣ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሱቅ ሄዶ ዋለ። ደንበኛ ስለ ዘሃራ ሲጠይቀው «ጅማ ናት» አለ፤ ሰውየው «እህ» ብሎ የአጎበር ዋጋ ጠየቀ። ሱሌማን ሲፈራው የኖረው ነገር ይኼው ነበር።

ማታ ሩዙን በላ፣ ሰገደ፣ ሽፋኑን ጥርሱ ላይ አደረገ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ትንሽ አፈረ፤ ከዚያ ግድግዳውን አንድ ጊዜ መታ። ከወዲያ በኩል ኛኩዎል ለልጆቿ በኑዌርኛ አንድ አጭር ቃል ስትል ሰማ። ሱሌማን ኑዌርኛ አያውቅም፤ ያቺን ቃል ግን አወቃት፤ «አለ» ማለቷ ነበር።