በግ የሌለበት መስከረም

ሄርዲስና ብራንዱር ከተጋቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ከቤት ርቀው ያደሩበት ቀን አልነበረም። አንዱ ሲሄድ ሌላው ለበጎቹ ይቀራል። ልጃቸው ዲርሌቭ ስትመረቅ ሄርዲስ ብቻዋን ሄደች። የብራንዱር ወንድም ሲሞት ብራንዱር ብቻውን ሄዶ ቀብሮ መጣ። በበጋ ድርቆሽ ማጨድ አለ፤ መስከረም ሲጠባ በጎቹን ከተራራ ማውረድ አለ፤ የበረዶውን ክረምት ሙሉ ጋጣ ውስጥ መቀለብ አለ፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ እናት በጎቹ መውለድ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። በዚያች የደሴት አገር በሰሜኑ ሸለቆ የማንም ሰው ኑሮ እንዲሁ ስለሆነ ሄርዲስ እንደ ጉድለት ቆጥራው አታውቅም።

በአንድ የመውለጃ ወራት መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት በግ ገላዋን ከጋጣው እንጨት ጋር እየፈተገች ጸጉሯን መጣል ጀመረች። ወገቧን ሲዳስሷት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ስትራመድ የኋላ እግሯ ይከዳታል። ብራንዱር ልጅ ሳለ በአባቱ ዘመን ይህንኑ አይቷል። በሽታው የበጉን አንጎል ቀስ እያለ የሚጨርስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። አንድ በግ ላይ ከተገኘ ደግሞ ሕጉ መንጋውን በሙሉ ማረድ ነው፤ የታመመውንም ያልታመመውንም።

ዝም ማለት ይችል ነበር። በጓን በጓሮ ቀብሮ አፉን ቢዘጋ የሚያየው አልነበረም። ሄርዲስ በዚያ ጠዋት ባሏን ስትመለከተው እጁን ለረጅም ጊዜ ሲታጠብ ቆየ፤ ከዚያ ስልኩን አንስቶ ራሱ የእንስሳት ሐኪሙን ጠራ።

የምርመራው ውጤት እንደ ፈራው ሆነ። መኪኖቹ የመጡ ቀን፣ የማያውቋቸው ሰዎች ሲነዷቸው በጎቹ እንዳይደነግጡ ብሎ በሩን ከፍቶ ከፊት ከፊት የሄደው እሱ ነው። ሞስካ የምትባለው ግራጫ በግ፣ በበረዶ ማዕበል ቀን ሌሎቹን መርታ ወደ ቤት የምታስገባው፣ እንደ ለመደችው ተረከዙን ተከትላ ሄደች። መኪናው ላይ ስትወጣም አላመነታችም። ሄርዲስ ይህን ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና ነው ያየችው። ወጥታ አጠገቡ መቆም እንደነበረባት በኋላ አሰበች።

ከዚያ የጋጣው እንጨት ተነቅሎ ተቃጠለ፤ የግቢው አፈር ተገፎ ተወሰደ፤ የሥራ ልብሳቸውም ጫማቸውም አብሮ ነደደ። ለሁለት ዓመት በግ የሚባል ነገር እዚያ መሬት ላይ እንዳይረግጥ ተባሉ። ብራንዱር ከዚያን ቀን ጀምሮ ንግግር ቀነሰ። ጎረቤት ሲደውል «ደህና ነን» ይላል፤ ልምጣ ሲሉት ደግሞ፣ ከግቢው አፈር በጫማቸው ይዘው እንዳይሄዱ ስለሚፈራ፣ አትምጡ ይላቸዋል። በበጋው ሣሩ ሳይታጨድ ቆሞ ቢጫ ሆነ። መስከረም ገባና የሸለቆው ሰው ፈረሱን ጭኖ በጎቹን ሊያወርድ ወደ ተራራ ሲወጣ፣ ብራንዱር ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንን ሲያይ ዋለ።

ማታ ራት ላይ ሄርዲስ፣ «እንሂድ» አለችው።

«የት?»

«አገሩን ዞረን እኔ እስከተወለድኩበት ድረስ። አይተኸው አታውቅምኮ።»

«በመስከረም?»

«በመስከረም ምን ሥራ አለህ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት። እሱ ግን አልተቆጣም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ትንሽ አሰበና፣ «ሻንጣ የለኝም» አለ።

ሻንጣ ከከተማ ገዙ፤ ካልሲውም ጫማውም ሹራቡም አዲስ ነበር። ሄርዲስ መኪናውን ከጎማው እስከ ወለሉ ድረስ በፈላ ውሃና በጀርም ማጥፊያ መድኃኒት አጠበችው።

የተወለደችው በደቡብ በኩል ባለች የዓሣ አስጋሪዎች ትንሽ ደሴት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ በክረምት፣ ከቤቶቹ ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት ወጣ። ሕዝቡ በዓሣ ጀልባዎች ተጭኖ ወደ ትልቁ ምድር ተሻገረ። የነሄርዲስን ቤት መጀመሪያ አመድ ሞላው፤ ቀጥሎ የቀለጠው ድንጋይ መጥቶ ላዩ ላይ ተኛ። አባቷ እሳቱ ሲበርድ ተመልሶ በሌላ መንገድ ሌላ ቤት ሠራ። እሷ ግን ለአንድ በጋ ድርቆሽ ልታጭድ ወደ ሰሜን እንደሄደች በዚያው ቀረች። ለብራንዱር ስለዚያ ቤት የነገረችው፣ ባጠቃላይ፣ «ቤት ነበረ፤ ድንጋይ ሆነ» የሚለውን ብቻ ነው። ወላጆቿ ሲሞቱም ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመልሳለች።

መንገዱን በምሥራቅ በኩል ያዙት። ሄርዲስ ትነዳለች፣ እሱ በመስኮት ያያል። ምድሩ በቢጫ ጭስ የሚንተከተክበትን አለፉ፤ ሣር ቅጠል የሌለበትን ጥቁር ሜዳ አለፉ። ሰው ከሩቅ አገር ያንን ለማየት ይመጣል፤ ብራንዱር የሚያየው የሰው በግ ብቻ ነበር። በየማሳው የወረዱትን በጎች በዓይኑ ይከተላቸዋል። ያደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቷ ደግ ሴት ነበረችና ትኩስ የበግ ሾርባ አቀረበችላቸው። ብራንዱር ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠውና ዳቦና ቅቤ እንድትሰጠው በትሕትና ጠየቃት። ሄርዲስ ሾርባውን ጠጣችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ፣ መንገዱ ሻጋታ መሳይ አረንጓዴ ሽበት የለበሰውን የገሞራ ድንጋይ መሀል ለመሀል ሲያልፍ፣ ብራንዱር በድንገት፣ «አቁሚ» አለ።

አቆመች። ከመንገዱ በታች፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለ ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ፣ አንዲት ወፍራም በግ በጀርባዋ ተንጋላ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነበር። ጸጉሯ ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል። እንደዚያ የተንጋለለች በግ ራሷን ማቃናት አትችልም፤ ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች። ቁራዎች ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ይጠባበቃሉ። እግሯ አልፎ አልፎ ስለሚወራጭ ነፍስ እንዳላት ይታወቃል።

ብራንዱር ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልተራመደም።

«አትንኪያት» አለ ሄርዲስ ስታልፈው።

«ትሞታለች።»

«እኛ ከየት እንደመጣን ታውቂያለሽ። ይቺ የሰው በግ ናት። በሽታውን ይዘንባት ብንመጣስ?»

ሄርዲስ ቆመች። የተናገረው እውነት ነው። እጇን አየችው፤ ያ ሁሉ ሳሙናና መድኃኒት አልፎበታል። ጫማው አዲስ፣ ልብሱ አዲስ። ከጋጣቸው የቀረ ነገር ያለ እንደሆነ በገላቸው ላይ ነው እንጂ ሌላ የለም። ቁራዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። እሷም ጎንበስ ብላ ወደ ጎድጓዳው ወረደች።

የበጓን ጸጉር በሁለት እጇ ጨብጣ ሳበች። በጓ ከባድ ናት፣ ሄርዲስም ወጣት አይደለችም። ሁለተኛ ሳበች፤ እግሯ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሸርተት አለና በጉልበቷ ወደቀች። ቀና ብላ ባሏን አየችው። አልጠራችውም። እሱ ጃኬቱን አውልቆ መንገዱ ላይ ጣለና እየተንገዳገደ ወረደ።

ሁለቱ ሆነው አቃኗት። በጓ ግን ደም እግሯን ስለከዳው መቆም አልቻለችም፤ ከለቀቋት ተመልሳ ትወድቃለች። ብራንዱር ግራና ቀኝ በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ ደገፋት፤ ሄርዲስ ከፊት አገጯን ያዘች። ካፊያው እየወረደባቸው እንደዚያ ቆዩ። የብራንዱር እጆች ጸጉሩ ውስጥ ገብተው ነበር። መጀመሪያ ጎኗን ቀስ እያለ ያሽ ነበር፤ ደሙ እንዲመለስ። በኋላ ማሸቱን ተወና ዝም ብሎ ያዛት። ሄርዲስ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም። እሷም የበጓን አገጭ እንደያዘች ቆየች።

በጓ በመጨረሻ ተወራጭታ ወጣችና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደናቅፋ፣ ድንጋዩን ዞራ ሄደች።

«ለባለቤቷ መንገር አለብን» አለ ብራንዱር።

ሄርዲስ ይህን እንደሚል ቀድማ አውቃ ነበር። በበጓ የጆሮ ምልክት ላይ የነበረውን ቁጥር እሱ በቃሉ ይዞታል። የመጀመሪያው ግቢ ቅርብ ነበር። መግቢያው ላይ መኪናውን አቁመው፣ ሳይገቡ፣ ጥሩንባ ነፉ። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ የጎማ ቦት ያደረገች ሴት ወጣች፤ ስሟ ኦድኒ ነው። ቁጥሩን ሲነግራት በጓ የእሷ መሆኗን አወቀች፤ ደስ ብሏት ልታመሰግን ወደ መኪናው መቅረብ ስትጀምር ብራንዱር እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«እዚያው ሁኚ። እኛ መንጋችን የታረደብን ሰዎች ነን። በበሽታው።» የሸለቆውንም የእርሻውንም ስም ነገራት። «በጓን በእጃችን ነክተናታል። ልብሳችን አዲስ ነው፤ ግን ነክተናታል። እንድታውቂው ነው።»

የኦድኒ ፊት ተለወጠ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ሄርዲስ አየቻት፤ አልፈረደችባትምም። ሴትየዋ ወደ ተራራው አየች፣ ወደ ጋጣዋ አየች።

«ለምን ነካችኋት ታዲያ?» አለች፤ ድምፅዋ የቁጣም የፍርሃትም ነበር።

መልስ የሰጠችው ሄርዲስ ናት። «መጀመሪያ የነካኋት እኔ ነኝ። ቁራዎቹ ዓይኗን ሊያወጡት ነበር። አላስቻለኝም።»

ኦድኒ ወደ ቤት ገባች። እነሱም መሄድ ይሁን መቆየት ሳያውቁ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ከአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ጋር በስልክ መነጋገሯን ነገረቻቸው። ሐኪሙ፣ በታጠበ እጅና በአዲስ ልብስ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ይቻላል ብሏታል፤ ለጥንቃቄ በጓን ለብቻ ታስራታለች። ይህን ብላ ስታበቃ፣ ከብብቷ ሥር ቡና የያዘ ፔርሙዝና በጨርቅ የተጠቀለለ አጃ ዳቦ አወጣችና የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠችው። «ወደ ቤት ግቡ ማለት ነበረብኝ» አለች። «አልቻልኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ልክ ነሽ» አለ ብራንዱር። «እኔም አላስገባም ነበር።»

ኦድኒ ትንሽ ራቅ ብላ አጥሩን ተደግፋ ቆመች፤ እነሱ ቡናውን ጠጡ። ከዚያ ምን ዓይነት በጎች እንደነበሩት ጠየቀችው። እስከዚያን ቀን ያንን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ስለ በሽታው ነበር የሚጠይቀው። ብራንዱር ስለ ሞስካ ነገራት። ስለ እናቷም ነገራት፤ በአንድ ክፉ ማዕበል ጊዜ መንገዱ ጠፍቶት የሷን ጭራ ይዞ ቤቱ እንደገባ። ሄርዲስ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ያን ቀን ግን ጽዋዋን ይዛ እንደ አዲስ አዳመጠችው፤ ባሏ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ከተናገረ ወራት አልፎ ነበርና።

ሲመሽ ጉዟቸውን ቀጠሉ። የበረዶው ግግር እስከ መንገዱ ድረስ የሚወርድበትን ጥቁር አሸዋ አልፈው፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ትንሿ ደሴት የሚሻገረው መርከብ ላይ ወጡ። ብራንዱር በሕይወቱ ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ እስኪደርሱ ድረስ ሲያስመልሰው ቆየ። «የዓሣ አስጋሪ ልጅ ማግባቴን አሁን ገና አወቅሁት» አላት፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ዳር ወደቆመው ጥቁር የገሞራ ኮረብታ ወጡ። ከሥሩ የሰው መንደር አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ሣር አብቅሏል፣ አበባም አለው። ሄርዲስ የወደቡን አፍና የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ እያየች፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ አካባቢ ነው። ልክ እዚህ ነው አልልም። እናቴ ለማግስቱ ምሳ ጨው ዓሣ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። እንደ ነከረችው ትተነው ወጣን። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምታወራው ስለዚያ ዓሣ ነበር። ስለ ቤቱ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።»

ብራንዱር ኮፍያውን አወለቀ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። «አባትሽ እንዴት አስችሎት ተመለሰ?» አላት ቆይቶ።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ታዲያ የት ልሂድ?› አለኝ። ተናደድኩበት። ልጅ ነበርኩ።»

ሄርዲስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ብርዱ እስኪያስነሳቸው ድረስ ወደቡን ሲያዩ ቆዩ።

የተባለው ሁለት ዓመት ሲሞላ ብራንዱር ልቡ ደክሞ ነበር፤ ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል። ዲርሌቭ ከዋና ከተማው እየደወለች፣ በቃችሁ፣ እኔ ጋ ኑ፣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ ትላለች። ብራንዱርም እሺ ለማለት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። በሽታው ደርሶበት ከማያውቀው ከምዕራቡ የባሕር ወሽመጥ ጠቦቶች እንዲመጡላቸው የጠየቀችው ሄርዲስ ናት። ልጇ በስልክ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» ስትላት፣ ሄርዲስ ለክረምቱ ዕረፍት መጥታ እንድትረዳት ብቻ ጠየቀቻት።

ጠቦቶቹ የመጡ ቀን ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ግቢውን ሳይረግጡ የቆዩት፣ በአጥሩ ዙሪያ ቆሙ። ብራንዱር ከአዲሱ ጋጣ በር ጎን ወንበር ላይ ነበር። የመኪናው በር ሲከፈት ጠቦቶቹ ከውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ እንጂ አንዳቸውም አልወረዱም። ሄርዲስ ገብታ ከኋላ ልትገፋቸው ስትል ብራንዱር ጠራት።

«ተያቸው። አታስደንግጫቸው። ራሳቸው ይወርዳሉ።»

ሄርዲስ ወጣችና የመኪናው መውረጃ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶቹም ድምፃቸውን አጠፉ። የመጀመሪያዋ ጠቦት አንገቷን አውጥታ አየሩን አሸተተች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። ሲመሻሽ ሁሉም ጋጣው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ሄርዲስም እጅጌዋን ሰብስባ ድርቆሽ ልታመጣ ሄደች።