የካሳ እናት ለቅሶ

በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ውስጥ ዋስ የሌለው ትከሻ ጆንያ አይነካም። አዲስ ተሸካሚ ሲመጣ ከነጋዴዎቹ አንዱ በተሸካሚዎቹ አለቃ በጠይብ ፊት ቆሞ «አውቀዋለሁ» ማለት አለበት። ዕቃ ቢጠፋ፣ ነገር ቢበላሽ፣ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። ለካሳ «አውቀዋለሁ» ያለችው ባይነሽ ነበረች። አታውቀውም ነበር።

ባይነሽ ዕድሜዋን ሙሉ የማረቆ ዛላ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ባለሱቅ ናት። ካሳ ገበያው በገባ ቀን ሱቋ ደጃፍ ላይ እንባው እየወረደ ሲያስነጥስ አይታ ሳቀችበት፤ ከዚያ አዘነችለት።

«አይዞህ፣ በርበሬ የማያስነጥሰው ሰይጣንን ብቻ ነው» ብላ ውሃ ሰጠችው። በማግስቱ ዋስ ሆነችው። ጥፋቷ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ገበያው በማሙሸትና በጀሌዎቹ እጅ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ወፍጮ ቤታቸው ጡብ ይፈጫሉ፤ ከጥቂት በርበሬ ጋር ደባልቀው «ይህን ሽጡ» እያሉ በየሱቁ ያራግፋሉ። እምቢ ያለ ወዮለት። ባይነሽ እምቢ ብላ በርበሬዋን ጎርፍ ውስጥ ደፍተውባታል። ጣቢያ ሄዳ ብትጮህ «ማስረጃ አምጪ» አሏት። ማስረጃ እስኪገኝ የሰው ልጅ ጡብ ይብላ!

ካሳ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ተሸካሚ ሆነ። አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣና «እትዬ፣ እናቴ አረፈች። አገር ቤት ልሄድ ነው» አላት። ባይነሽ ጮኸች። በረንዳው እንደ ወጉ ለቅሶ ተቀመጠለት። ተሸካሚዎቹ ጆንያ አነጠፉ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ጠይብ ዱዓ አደረገ፣ ባይነሽ ጥቁር ሻሽ አስራ ደረቷን መታች። የራሷ እናት ስትሞት መንገድ ተዘግቶ ሳትደርስ ቀርታ ነበር። ያልወጣላትን እንባ ሁሉ ለዚያች ለማታውቃት ሴት አፈሰሰችው።

ካሳ ከሐዘን ሲመለስ የማሙሸት ሰዎች ወፍጮ ቤቱ ድረስ ጆንያ ያሸክሙት ጀመር። በረንዳው በሙሉ ያለቀሰለትን ሰው ማን ይጠረጥራል? ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ወፍጮ ቤቱን ከበበ። ማሙሸት ታስሮ ሲወጣ ከፊት የሚመራው፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰው፣ ካሳ ነበር።

ገበያው እልል ያለው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ከጀሌዎቹ ብዙዎቹ ሳይያዙ ቀርተው በበረንዳው ይመላለሱ ነበር። «ዋሱ ማን ነበር?» ተባለ። «ባይነሽ የፖሊስ ጆሮ ናት» ተባለ። ተሸካሚዎቹ የእሷን ጆንያ ማንሳት ተዉ፤ በርበሬዋ ደጅ ላይ ተከምሮ ቀረ። ጠይብ እንኳ «ሰው የሚያውቀውን ነው የሚዋሰው» ብሎ ፊቱን አዞረባት።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ካሳ፣ በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀት ታቅፎ ሱቋ የመጣው።

«እትዬ ባይነሽ፣ ስላደረጉልን ትብብር…»

«የምን ትብብር? እኔ የተዋስኩት ተሸካሚ ነው! ለመሆኑ እናትህስ?»

ካሳ መሬት መሬት አየ። «ደህና ናት። ለአለቆቼ ሪፖርት ለማድረግ ከገበያው መውጣት ነበረብኝና…»

«ሌላ ውሸት አጣህ? አሞኛል አትልም ነበር? በቁሟ ላለች ሴት ደረቴን አስመታኸኝ!»

«ሥራው ነው፣ እትዬ። ለሕዝብ ሲባል ነው።»

«እኔ ሕዝብ አይደለሁም? እንግዲያው እናትህን አምጣና እዚህ አቁማት። አለማወቄን ሰው ሁሉ ይይልኝ።»

«አይሆንም። እዚህ ከቆመች የማሙሸት ሰዎች ፊቷን ያውቁታል።»

«የኔንስ ፊት?»

ካሳ የምስጋና ወረቀቱን ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጠ።

ባይነሽ ጥቁሩን ሻሽ አውጥታ አሰረች። ክንዱን ይዛ እየጎተተች በረንዳው መሀል አቆመችው።

«ጠይብ! ሁላችሁም ኑ! ለቅሶ የተቀመጣችሁለት ሰው መጥቷል። ተናገር!»

ጭነት መኪና ተደግፈው የቆሙት ጀሌዎችም ቀና አሉ። ካሳ አያቸው፤ ቢሆንም ቆቡን አወለቀ።

«እናቴ በሕይወት አለች። እትዬ ባይነሽ ፖሊስ መሆኔን አያውቁም ነበር። እንደ እናንተው አታልያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ያ የበላነው ንፍሮ የማን ነው?» አለ አንድ ተሸካሚ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

«በቁሟ ላለች ሴት ጀነት ያግባት ብዬ ዱዓ አስደረግኸኝ» አለ ጠይብ። «እኔን አላህ ይቅር ይበለኝ። አንተን እንጃ።» ከዚያ ወደ ባይነሽ ዞረ። «እያወቀ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው የለም። እኔም ይህን ማሰብ ነበረብኝ።» አለቃ ከሆነ ወዲህ ዕቃ ተሸክሞ የማያውቀው ሰው ደጇ ላይ ከተከመረው አንዱን ጆንያ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጀሌዎቹ ከመኪናው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ባይነሽም አይታቸዋለች። ነገ ምን እንደሚያደርጓት አታውቅም፤ ዛሬ ግን ጆንያዋ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

የምስጋና ወረቀቱን ከባንኮኒዋ አንስታ ለካሳ መለሰችለት። ሻሿን ፈታችና አጣጠፈችው።

«እኔ የእናትህን ለቅሶ ጨርሻለሁ» አለችው። «የእውነት ቀኗ ሲደርስ እንዳትጠራኝ።»