አመድ የገባበት ጀሪካን

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ተቀምጬ የተቀደደ ጀሪካን እጠግን ነበር። መሬት በተደለደለ ጊዜ የደረሰችኝ ቁራጭ አላበላ ብላኝ ነው ከገጠር የገባሁት። ብረት በከሰል አግላለሁ፣ የተሰባበረ ፕላስቲክ አቀልጣለሁ፣ ስንጥቁን እለስናለሁ፤ ሥራው ይኸው ነው። ፕላስቲኩ ብቻውን ሲለሰን ግን ልፍስፍስ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ይለጠጥና ያንጠባጥባል። ስለዚህ በወንፊት የተነፋ አመድ እቀላቅልበት ጀመር። ያን ጊዜ ልጥፉ ጠጠረ፤ በጥፍር ቢጭሩት አይጫርም።

የቡሬ ቆላ ሰዎች አመሰገኑኝ። የደጋ ሰዎች ግን ይመለሱ ነበር። አንድ የፈረስ ቤት ገበሬ ጀሪካኑን እግሬ ሥር ዱብ አደረገና፣

"አያ፣ ይኸ ልጥፍዎ ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል" አለኝ።

"በድንጋይ መትተኸው ነው።"

"ኧረ አልመታሁም። ውሃ ሞልቼ ደጅ ነው ያሳደርኩት።"

"እንግዲያ አህያህ ረግጦት ነው።"

"አህያ የለኝም።"

"የጎረቤትህ አህያ ነዋ።"

ገበያተኛው ሳቀ። ሰውየው ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ። እኔም የረታሁ መሰለኝ።

ባለቤቴ የፈረስ ቤት ልጅ ናት። ቤት ገብቼ ነገሩን ሳጫውታት አልሳቀችም።

"ሰውየው እውነቱን ነው። የኔንም የላስቲክ ጫማ በአመድ ጠግነህልኝ፣ እናቴን ልጠይቅ የሄድኩ ለት ውርጭ ላይ ስረግጥ ቀጭ አለ። አመዱን ተወው።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ፕላስቲክ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ብርድ አውቃለሁ" አለች።

አልተውኩም።

ከዚያ እሷ ታመመች፤ ሆዷን ነው። ሐኪም ቤት ተመላለስን፣ ያላቸውን ሰጡን፣ አልበጃትም። የግሽ ዓባይን ጠበል ተመኘች። ሰባት ቀን ልጠጣው፣ ልታጠብበት አለች። ልወስዳት ነበር፤ መንገዱን የምትችል አልሆነችም። እህቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችላትና እኔ ተነሣሁ። የያዝኩት ጀሪካን ሥሩን በእጄ የለሰንኩት ነው። ባለቤቴ አየችውና "አዲስ ግዛ" አለችኝ። "ከዚህ የሚጠነክር የለም" ብያት ወጣሁ።

እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። እህል ሳልቀምስ ከምንጩ ደርሼ ሞላሁ። በመልሱ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዤ፣ ደጋው ሳያልቅ ከአንድ ገበሬ ቤት "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ብዬ አደርኩ። ጀሪካኑን ደጅ ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት።

ጧት ስወጣ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጀሪካኑ ካኖርኩበት ንቅንቅ አላለም። የነካው ሰው የለም፣ የነካው ከብት የለም። ልጥፉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ጠበሉ ጥቂት ሲቀር ፈስሷል።

እዚያው ቁጢጥ አልኩ። የጀሪካኑን የራሱን ጎን በአውራ ጣቴ ስጫነው በዚያ ብርድ እንኳ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። ልጥፉን ስጫነው እንደ ጠርሙስ ተሰበረ። ያው ፕላስቲክ ነው፤ የተለየው አመዱ ነው። ምሰሶ በበዛበት ቤት ሰው መዞሪያ እንደሚያጣ፣ ፕላስቲኩም በዚያ ደቃቅ አመድ መሀል መላወሻ አጥቷል። ቆላ ላይ ጥንካሬ የመሰለኝ ይኸው መታሰሩ ነበር። ሌላው ፕላስቲክ ገና የሚታጠፍበት ብርድ እሱን ያደርቀዋል። ስንት ሰው በአህያ አመካኝቼ መለስኩ።

ማታ ስለ ባለቤቴ ሕመም ያጫወትኳት የቤቱ እመቤት ወጥታ አየችኝ።

"ወንድሜ፣ ከኛ ምንጭ ይሙሉበት። ለታመመ ሰው ዋናው እምነቱ ነው፤ ማን ይነግራታል?"

"እኔ ውሸት ነግሬያት አላውቅም" አልኳት። ወደ ኋላ ልመለስ አሰብኩና፣ ባለቤቴ ያለችበትን ሁኔታ ሳስብ ቀኑ ራቀብኝ። ጀሪካኑን አጋድሜ፣ የተረፈውን ይዤ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ የቀረው ሁለት ኩባያ ቢሆን ነው። ለባለቤቴ ሳልሸፋፍን ነገርኳት።

"ልጥፉ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ትንሽ አየችኝና፣ "አህያ ረግጦት ይሆናል" አለች። እህቷ ፊቷን አዞረች። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

አንዱን ኩባያ ጠጣች። በሌላው እህቷ ፊቷንና ሆዷን አበሰችላት።

"ነገ አዲስ ጀሪካን ገዝቼ እመለሳለሁ" አልኳት።

"አትሂድ። ቁጭ በል።"

"ሰባት ቀን ብለሽ የለም?"

"ሰባቱን ቀን አንተ ተቀመጥልኝ።"

መሄድ አማረኝ። እግሬ ተነሥቶ ነበር። ግን እሺ አልኩና በርጩማውን ወደ አልጋዋ አስጠጋሁ። ስለ እናቷ አወራችልኝ፣ ስለ ሠርጋችን፣ ስለማላስታውሰው ነገር ሁሉ። ሲደክማት ትተኛለች፤ እኔ ከበርጩማው አልነሣም።

በአምስተኛው ቀን ጧት ዐረፈች።

ጠበሉ ሞልቶ ቢደርስ ትድን ነበር ወይ ብዬ ቄሱን ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ዳግመኛ ብሄድ ኖሮስ? እሱንም አላውቅም። የማውቀው፣ ከተጋባን ወዲህ ያን ያህል ቀን ሥራ ፈትተን አብረን ተቀምጠን አለማወቃችንን ነው።